ፖሊሽ ማሽን የመኪናን ቀለም ያድሳል ወይስ ያሳሳል?

«ፖሊሽ አስደርጋት፣ አዲስ ትሆናለች» የሚል ምክር ያልሰማ ባለመኪና አይኖርም። በየላቫጆውና በየጋራዡ በር ላይ «ፖሊሽ እንሠራለን» የሚል ጽሑፍ ማየት የተለመደ ነው። ሥራውም ለዓይን ያጓጓል። ጠዋት አመድ መስላ የገባች መኪና ከሰዓት በኋላ እንደ መስታወት ፊት የምታሳይ ሆና ትወጣለች። ባለቤቱም ሒሳቡን ከፍሎና አመስግኖ ይሄዳል። ማሽኑ ያንን ሁሉ ጭረት የት አደረሰው ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

መልሱ አጭር ነው። ማሽኑ ጭረቱን አልሞላውም። በጭረቱ ዙሪያ የነበረውን ቀለም ፍቆ ከጭረቱ ሥር ጋር እኩል አደረገው እንጂ። ስለዚህ የምናየው ማብለጭለጭ በሙሉ ከቀለሙ ውፍረት ላይ ተቀንሶ የተገኘ ነው። ቢላ በተሳለ ቁጥር ስለቱ ያምራል፣ ብረቱ ግን ያልቃል። የመኪና ቀለምም እንደዚሁ ነው።

ጉዳዩ የውበት ብቻ አይደለም። በአገራችን መኪና ከቤት ቀጥሎ ትልቁ ንብረት የሆነበት ቤተሰብ ብዙ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ዕድሜያቸው በገፋ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጥሏል። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከኤሌክትሪክ መኪና በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ አስታውቀዋል። በነዳጅ የምትሠራ መኪና በእጁ ያለችው ሰው ለዓመታት ይዟት እንደሚቆይ መገመት አያስቸግርም። በመሆኑም ቀለሟን እንደ ሞተሯ ሁሉ ቆጥቦ መያዝ የሚያስፈልግበት ጊዜ ነው። አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ሰውም ከዚህ ምክር ውጪ አይሆንም፤ የቀለሙ አሠራር አንድ ነውና።

ለመሆኑ ቀላል ጭረት ከየት ይመጣል? ማሽኑስ እንዴት ያጠፋዋል? መቼ ይጠቅማል፣ መቼስ ይጎዳል?

ከአዲስ አበባ እስከ ሲሪንቃ

ነገርን ከሥሩ እንዲሉ፣ ከጭረቱ መነሻ እንጀምር። ለምሳሌ ያህል አንድ መንገድ እንውሰድ። ሲሪንቃ በሰሜን ወሎ ዞን በሀብሩ ወረዳ፣ በመርሳና በወልድያ መካከል፣ ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በዋናው አስፋልት ዳር የምትገኝ አነስተኛ ከተማ ናት። በአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ያለው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል የሚገኘው እዚሁ በመሆኑ፣ በግብርናና በልማት ሥራ ላይ ያሉ በርካታ ባለሙያዎች ስሟን ያውቃሉ። መንገዱ ከደብረ ብርሃን ተነስቶ በጣርማ በር ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። በከሚሴና በኮምቦልቻ አድርጎ ደሴ ይወጣል። ከዚያም በሐይቅ፣ በውጫሌ፣ በውርጌሳና በመርሳ በኩል ሲሪንቃ ያደርሳል።

በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ አስፋልቱ ራሱ ያን ያህል ቀለም አይጭርም። ከፊት የሚሄድ የጭነት መኪና ያስፈነጠረው ጠጠር ኮፈኑንና የፊት ፓራውልቱን ይፈነክታል፤ ይህ ግን ጭረት ሳይሆን ቀዳዳ ነው፣ በፖሊሽም አይጠፋም። መኪናዋ ከአስፋልቱ ወጥታ ወደ ማሳና ወደ ገጠር ቀበሌ ስትገባ የግራርና የቁጥቋጦ ቅርንጫፍ ከፊት በር እስከ ኋላ በር ድረስ ረዣዥም መስመር ያሰምርባታል። የገበያ ቀን ከሆነም በጠባብ መንገድ ላይ የተጫነ አህያ ወይም ግመል ታክኳት ሊያልፍ ይችላል።

ይሁን እንጂ ብዙውን ጭረት የሚያመጣው እሾህም ጠጠርም አይደለም። አቧራን በደረቁ መጥረግ ነው። የወሎ ተራራማ አካባቢ አፈር በአብዛኛው ባዛልት ከሚባለው የእሳተ ገሞራ አለት የመጣ ነው። በአቧራው ውስጥ ያሉት የአለት ብናኞች የመስኮት መስታወት ያህል፣ አንዳንዶቹም ከዚያ በላይ የጠነከሩ ናቸው። የመኪና ቀለም የላይኛው ሽፋን ግን ከፕላስቲክ ወገን የሆነ ለስላሳ ነገር ነው።

መኪናዋ ሲሪንቃ ስትደርስ የለበሰችው አቧራ በራሱ ጉዳት የለውም። ጉዳቱ የሚጀምረው እጅ ሲነካው ነው። የእንግዳ ማረፊያው ጥበቃ በቅንነት ጠዋት ተነስቶ በደረቅ ጨርቅ ሲጠርጋት፣ ጨርቁ ብናኙን ይዞ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሆኖ ይሠራል። በአዲስ አበባም ከዚህ የተለየ አይደለም። በአንድ ባልዲ ውኃና በአንድ ጨርቅ ሦስት መኪና ሲታጠብ የመጀመሪያዋ መኪና አሸዋ ሦስተኛዋን ይጭራታል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም በመቶና በሺህ የሚቆጠሩ፣ አንድ በአንድ ለዓይን የማይታዩ ቀጫጭን መስመሮች ይከማቻሉ።

እነዚህ መስመሮች ፀሐይ ወይም የነዳጅ ማደያ መብራት ሲያርፍባቸው በመብራቱ ዙሪያ እንደ ሸረሪት ድር ክብ ሠርተው ይታያሉ። ብዙ ሰው «በክብ ስለታጠበች ነው» ይላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ጭረቶቹ በየአቅጣጫው የተበተኑ ናቸው። ከመካከላቸው ብርሃኑን ወደ ዓይናችን የሚመልሱት ከብርሃኑ አቅጣጫ አንፃር አግድም የተቀመጡት ብቻ ስለሆኑ ዓይናችን ክብ አድርጎ ያያቸዋል። ራስዎን ወዲያና ወዲህ ቢያንቀሳቅሱ ድሩም አብሮዎት ይንቀሳቀሳል። ጥቁርና ጠቆር ያለ ቀለም ላይ ጎልቶ የሚታየው፣ ነጭ ላይ የሚደበቀውም ነገሩ የብርሃን ስለሆነ ነው።

የወረቀት ያህል እንኳ ያልሆነ ሽፋን

ፖሊሽ ምን እንደሚያደርግ ለመረዳት ቀለሙ ስንት ንጣፍ እንዳለው ማወቅ ያስፈልጋል። ፋብሪካ የቀባው የዘመኑ መኪና ቀለም አብዛኛውን ጊዜ አራት ንጣፍ አለው። ከብረቱ ቀጥሎ የዝገት መከላከያ አለ። ከእሱ በላይ ማስተካከያው ፕራይመር ይመጣል። ቀጥሎ ዋናው ቀለም፣ በመጨረሻም ቀለም አልባውና አንፀባራቂው ክሊር ይለብሳል። አራቱም ተደምረው ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ገደማ ናቸው። አንድ ማይክሮን የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ ነው። ተራ የኮፒ ወረቀት 100 ማይክሮን ገደማ ውፍረት እንዳለው ካሰብን፣ የመኪናችን ቀለም በሙሉ ከአንድ ወረቀት ብዙም አይበልጥም ማለት ነው።

ከዚህ ውስጥ ክሊሩ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ነው፤ የወረቀት ግማሽ መሆኑ ነው። ፖሊሽ የሚሠራው በዚህ ግማሽ ወረቀት ላይ ብቻ ነው። ክሊሩ ደግሞ ለማንፀባረቅ ብቻ የተቀባ አይደለም። የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር የሚያጣራ ኬሚካል በውስጡ አለ። ክሊሩ በሳሳ ቁጥር ይህ መከላከያ ይሳሳል። ጨረሩም ወደ ዋናው ቀለም ይዘልቃል።

ይህ ለእኛ አገር ልዩ ትርጉም አለው። ከባሕር ወለል በላይ በየ1 ሺሕ ሜትሩ ከፍታ የአልትራቫዮሌት ጨረር ኃይል 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ሲሪንቃ 1 ሺሕ 850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2 ሺሕ 300 ሜትር በላይ ነው። ለባሕር ጠረፍ ከተማ የተጻፈ የፖሊሽ ምክር እዚህ ሲመጣ ጠበቅ መደረግ ያለበት ለዚህ ነው። ጣሪያቸውና ኮፈናቸው ነጣ ነጣ ብሎ እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚላጥ መኪኖችን በየመንገዱ እናያለን። ያ ክሊሩ ያለቀበት መኪና ነው። እዚያ ደረጃ ከደረሰ በኋላ ምንም ዓይነት ፖሊሽ አይመልሰውም፤ መቀባት ብቻ ነው መፍትሔው።

መቀባቱ ደግሞ የፋብሪካውን አይተካም። ፋብሪካ ቀለሙን የሚያበስለው ባዶውን አካል 140 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ በሆነ ምድጃ ውስጥ አስገብቶ ነው። የተገጣጠመች መኪና ግን ሽቦ፣ ጎሚኒና ፕላስቲክ ስላላት ጥሩ የቀለም ክፍል ባለው ጋራዥ እንኳ ከ60 እስከ 80 ዲግሪ በላይ አትሞቅም። ይህ ክፍል በሌለበትና አቧራ በሚነፍስበት ግቢ ሲቀባማ ልዩነቱ ይሰፋል። ስለዚህ የፋብሪካው ክሊር አንዴ ከጠፋ የማይመለስ ሀብት ነው።

ጭረቱ የሚጠፋው እንዴት ነው?

ጭረትን በማሳ ላይ እንዳለ ትልም እንየው። ትልሙን ለማጥፋት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው መሙላት ነው። ዝናብ ሲጥል ውኃው ትልሙን ሞልቶት ማሳው ሜዳ ይመስላል። ውኃው ሲደርቅ ግን ትልሙ ተመልሶ ይታያል። ዘይትና ሰም የበዛበት ርካሽ ፖሊሽ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። መኪናዋ ለሳምንት ታበራለች። ሁለት ሦስት ጊዜ ከታጠበች በኋላ ያ የሸረሪት ድር እንዳለ ይመለሳል።

ሁለተኛው መንገድ ሜዳውን በሙሉ እስከ ትልሙ ሥር ድረስ ዝቅ ማድረግ ነው። ትክክለኛው የማሽን ፖሊሽ ይህ ነው። በኮምፓውንዱ ውስጥ ያሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ኦክሳይድ የሆኑ፣ ደቃቅ ብናኞች በስፖንጁ ተይዘው ክሊሩን በእኩል ይፍቁታል። ጭረቱ በእርግጥ ይጠፋል፣ ተመልሶም አይመጣም። ክፍያው ግን ማይክሮን ነው። ቀለል ያለ ማጥሪያ አንድ ወይም ሁለት ማይክሮን ገደማ ያነሳል። ጠንከር ያለ ኮምፓውንድ ከሱፍ ፓድ ጋር ከዚያ በላይ ይወስዳል። ቀድሞ በብርጭቆ ወረቀት ከተፈገፈገ ደግሞ የሚነሳው በጣም ይጨምራል።

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። 45 ማይክሮን ክሊር ያላት መኪና ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ እየተባለ በዓመት ሁለቴ ጠንካራ ፖሊሽ ቢደረግላትና በእያንዳንዱ 4 ማይክሮን ቢነሳ፣ በዓመት 8፣ በሦስት ዓመት 24 ማይክሮን ይሄዳል። ይህ ከክሊሩ ግማሽ በላይ ነው። በሙያው የተለመደው የጥንቃቄ ልክ ግን በመኪናዋ ሙሉ ዕድሜ የሚነሳው ክሊር በድምሩ ከ10 ማይክሮን ገደማ እንዳያልፍ ነው። ለበዓል ተብሎ የሚደረግ ፖሊሽ የዓመታቱን ድርሻ በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ይጨርሰዋል።

በጥፍር መፈተሽ

ታዲያ የትኛው ጭረት ለፖሊሽ የሚገባው ነው? ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። መኪናዋ ታጥባ ከደረቀች በኋላ ጥፍርዎን በጭረቱ ላይ አግድም በቀስታ ያሳልፉ።

ጥፍር የማይዘው፣ በውኃ ሲርስ የሚጠፋና ሲደርቅ የሚመለስ ጭረት በክሊሩ ላይ ብቻ ያለ ቀላል ጭረት ነው። በማሽን ይወጣል።

ጥፍር በትንሹ የሚይዘው ጭረት ሊቀንስ እንጂ ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል። እዚህ ላይ ብልህ ባለሙያ ጠርዙን አለስልሶ፣ ከሩቅ የማይታይ አድርጎ ይተወዋል። «ካላጠፋሁት» ብሎ የሚታገል ባለሙያ ክሊሩን ይጨርሰዋል።

ጥፍር ጠልቆ የሚገባበት፣ ነጭ ወይም ግራጫ ፕራይመር ወይም ብረት የሚታይበት ጭረት የፖሊሽ ሥራ አይደለም። በቀጭን ብሩሽ በተመሳሳይ ቀለም መንካት ወይም መቀባት ነው ያለበት። ብረቱ ከታየ ቶሎ መሸፈን ያስፈልጋል፤ ዝገት ጊዜ አይሰጥምና።

አንድ ሌላ ዓይነትም አለ። ግድግዳ ወይም የሌላ መኪና ፓራውልት ታክኮ የተወው ቀለም ብዙ ጊዜ ጭረት ይመስላል። ይህ ግን የተጨመረ እንጂ የተቀነሰ ነገር ስላልሆነ በጥቂት ፖሊሽና በእጅ ብቻ የሚለቅበት ጊዜ ብዙ ነው።

ማሽኑና ፓዱ

ለዚህ ሥራ የተሠሩ ማሽኖች በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው በአንድ ዘንግ ላይ ቀጥ ብሎ የሚሽከረከረው ነው። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ600 እስከ 3 ሺሕ ዙር ገደማ ይደርሳል። ኃይለኛና ፈጣን ነው። ነገር ግን አንድ ቦታ ላይ ከቆየ ያግላል፣ ያቃጥላል። ልምድ ባለው እጅ ድንቅ ይሠራል። በጀማሪ እጅ ግን ጭረቱን አጥፍቶ በምትኩ የጭጋግ መስመር ይተዋል።

ሁለተኛው እየተሽከረከረ በዚያውም ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ነው። የሚወዛወዝበት ስፋት እንደ ማሽኑ ዓይነት 8፣ 15 ወይም 21 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ሲጫኗቸው መሽከርከራቸውን ያቆማሉ። በዚህ ምክንያት ሙቀት በአንድ ቦታ አይከማችም። ሥራው ዘገም ይላል፣ ቀለም ማቃጠሉ ግን አስቸጋሪ ነው። በራሱ እጅ መሞከር ለሚፈልግ ባለመኪና የሚመከረው ይህ ነው።

ከሁለቱ ጋር ፈጽሞ መምታታት የሌለበት የብረት መቁረጫው ግራይንደር ነው። የትንሹ ግራይንደር ፍጥነት በደቂቃ 11 ሺሕ ዙር ገደማ ነው። ስፖንጅ ቢገጠምበትም ያው ግራይንደር ነው። ፖሊሽ ሊሠራ የመጣ ሰው ግራይንደር ከያዘ መኪናዎን ይዘው ቢመለሱ ይሻላል።

ከማሽኑ እኩል ወሳኙ ፓዱ ነው። የሱፍ ፓድ በኃይል ይቆርጣል። ጠንካራ ስፖንጅ ከእሱ ያንሳል። ለስላሳ ስፖንጅ ለማጠናቀቂያ ነው። በዚህ ሙያ ሊታወስ የሚገባው ሕግ አንድ ነው፦ ሁልጊዜ ከቀላሉ መጀመር። በለስላሳው ስፖንጅና በቀላሉ ፖሊሽ አንድ ቦታ ተሞክሮ ካልበቃ ብቻ ወደ ጠንካራው ይሄዳል። በጠንካራው ጀምሮ ወደ ኋላ መመለስ የለም፤ የተነሳው ተነሥቷልና።

ሥራው ደረጃ በደረጃ

ጥሩ ፖሊሽ ግማሹ ዝግጅት ነው። መጀመሪያ መኪናዋ በብዙ ውኃ ትታጠባለች። ከታጠበችም በኋላ እጅ ሲዳብሳት ሻካራ ከሆነች የተጣበቀ ቆሻሻ አለ ማለት ነው። ይህን ለማንሳት እንደ ሊጥ የሚለነቀጥ ልዩ ጭቃ በሳሙና ውኃ እየተረጠበ ይታሻል። ይህ ካልተደረገ ማሽኑ ቆሻሻውን ይዞ እየዞረ አዲስ ጭረት ይፈጥራል። ቀጥሎ ጎሚኒዎች፣ ያልተቀቡ ፕላስቲኮችና ሹል ጠርዞች በወረቀት ፕላስተር ይሸፈናሉ። ጠርዝ ላይ ቀለም ከሌላው ቦታ ስለሚሳሳ በሰከንዶች ውስጥ ሊበሳ ይችላል።

ሥራው የሚሠራው በጥላ ሥር፣ አካሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። በሸዋ ሮቢት ወይም በመርሳ የቀትር ፀሐይ ላይ የቆመች መኪና ኮፈኗ እጅ አያስነካም። በዚያ ላይ የተቀባ ኮምፓውንድ ወዲያው ይደርቃል። ነፋስ አቧራ የሚያመጣበት ክፍት ግቢም አይሆንም።

አንድ ጊዜ የሚሠራው ቦታ በግምት 50 በ50 ሴንቲ ሜትር ነው። የአተር ፍሬ የሚያክሉ ሦስት ወይም አራት ጠብታዎች በፓዱ ላይ ይደረጋሉ። ማሽኑ ሳይነሳ ፓዱ ቀለሙ ላይ ተነካክቶ ኮምፓውንዱ ይበተናል። ከዚያ በዝቅተኛ ፍጥነት ተነሥቶ ቀስ በቀስ ይጨመራል። ማሽኑ በሰከንድ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል በዝግታ እየተገፋ መጀመሪያ አግድም፣ ቀጥሎ ቁልቁል ይሄዳል። እያንዳንዱ መስመር የቀዳሚውን ግማሽ እየደረበ ከአራት እስከ ስድስት ዙር ይበቃዋል። ፓዱ ጠፍጣፋ ሆኖ መቀመጥ አለበት፤ በጠርዙ ከቆመ ይጭራል። በየመካከሉ በእጅ ጀርባ ሙቀቱን መፈተሽ ያስፈልጋል። ለእጅ የሚያቃጥል ከሆነ ወዲያው ይቁም። የፓራውልት ፕላስቲክ ሙቀትን እንደ ብረት ስለማያሰራጭ ከሁሉ በፊት የሚቃጠለው እሱ ነው።

በመጨረሻ በንጹሕ የማይክሮፋይበር ጨርቅ ይጠረጋል። ከዚያ የሚመጣው ብዙ ቦታ የሚዘለለው ደረጃ ነው፤ ውኃ በተቀላቀለበት አልኮል መጥረግ። አልኮሉ የፖሊሹን ዘይት ስለሚያነሳ ጭረቱ በእርግጥ ተነሥቶ እንደሆነ ወይም በዘይት ተሞልቶ እንደሆነ ያጋልጣል። ውጤቱ በእጅ ባትሪ ብርሃን ከታየ በኋላ ሰም ወይም ሌላ መከላከያ ይቀባል። ፖሊሽና ሰም አንድ አይደሉም። ፖሊሽ ይቀንሳል፣ ሰም ግን ይሸፍናል። ሰም ክሊሩን ስለማይቀንስ በየጥቂት ወሩ ቢደጋገም ችግር የለውም።

ከመስጠትዎ በፊት ይጠይቁ

መኪናዎን ለባለሙያ ሲሰጡ ጥቂት ጥያቄዎች ብዙ ነገር ያድናሉ። በየትኛው ማሽንና ፓድ ነው የሚሠሩት? መጀመሪያ ትንሽ ቦታ ላይ ሞክረው ያሳዩኛል? በአልኮል ጠርገው ያስረክቡኛል? የቀለም ውፍረት መለኪያ አላችሁ? ስለ ሥራው የሚያውቅ ሰው በእነዚህ ጥያቄዎች ደስ ይለዋል እንጂ አይከፋውም።

የውፍረት መለኪያው በኪስ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ነው። ብረት ላይ ሲያሳርፉት የቀለሙን ማይክሮን ያነብባል። የተለመደው ዓይነት በፕላስቲክ ፓራውልት ላይ ግን አይሠራም። ከ100 እስከ 150 ካነበበ የፋብሪካ ቀለም የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። 300 እና ከዚያ በላይ ካነበበ ያ ክፍል እንደገና ተቀብቷል። በሺሕ የሚቆጠር ከሆነ ደግሞ ከሥሩ ስቱኮ አለ፤ ባትላሜራ የነካው ነው። ይህ መሣሪያ ያገለገለ መኪና ለሚገዛ ሰውም ባለውለታ ነው። ለሽያጭ የተዘጋጀች መኪና ብዙውን ጊዜ ተፖልሻ ትቀርባለችና በማብለጭለጯ መፍረድ ሜካፕ አይቶ ዕድሜ እንደመገመት ነው።

እንደገና የተቀባች ወይም ዕድሜዋ የገፋ መኪና ካለችዎ አንድ ተጨማሪ ምልክት ይከታተሉ። ፓዱ የመኪናዋን ቀለም ይዞ ከወጣ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ ቀለሙ ድሮውንም ክሊር የሌለው አንድ ወጥ ቀለም ነው፣ ወይ ክሊሩ አልቆ ዋናው ቀለም እየተፋቀ ነው። የትኛው እንደሆነ እስኪታወቅ ማሽኑ ይቁም።

ሲሪንቃ ላይ ሆነው ምን ያድርጉ?

በመስክ ላይ ያለ ሰው የእሾህ ጭረት ሲያይ ያሳስበው ይሆናል። ግን በክሊር ላይ ያለ ቀላል ጭረት አይሰፋም፣ አይዝግም፣ አያስቸኩልም። መብራት በሚቋረጥበትና አቧራ በሚነሳበት ቦታ ማሽን ከማስነካት መልካም ጥላና ንጹሕ ውኃ እስኪገኝ መታገስ ይሻላል። «በጥርስ ሳሙና ይጠፋል» የሚለውም ምክር ቢሆን ከፖሊሽ የተለየ አይደለም። የጥርስ ሳሙና ውስጥም የሚፍቅ ብናኝ አለ፤ ልኩ የማይታወቅ ፖሊሽ ነው።

በቦታው ላይ ሊደረግ የሚገባው መከላከል ነው። አቧራ የለበሰች መኪና በደረቅ ጨርቅ አትጠረግ። ለጥበቃውም ለልጆቹም ይህንኑ በትሕትና ይንገሯቸው። ውኃ ከሌለ አቧራዋን እንደለበሰች ትዋል፤ መስታወቷና መብራቷ ብቻ ይታጠብ። ውኃ ሲገኝ መጀመሪያ ጨርቅ ሳይነካት ከላይ ወደ ታች ይፍሰስባት። ከዚያ ሁለት ባልዲ ይዘጋጅ፤ አንዱ ለሳሙና፣ ሌላው ጨርቁን ለማለቅለቅ። ጣሪያው ቀድሞ፣ የበሮቹ ግርጌ መጨረሻ ይታጠብ፤ አሸዋው የሚበዛው ከታች ነውና። መሬት የወደቀ ጨርቅ ሳይታጠብ አይመለስ። ለልብስ የሚሆን የዱቄት ሳሙና ሰሙን ስለሚያነሳ ለመኪና የተዘጋጀ ሻምፑ ይመረጣል።

የአጠባበቅ ልማዱ ሳይለወጥ የሚደረግ ፖሊሽ ትርፉ ኪሳራ ነው። ዛሬ በማሽን የጠፋው የሸረሪት ድር ነገ በደረቁ ጨርቅ እንደገና ይደራል። ባለመኪናውም እንደገና ማሽን ፍለጋ ይሄዳል። በእያንዳንዱ ዙር የሚያልቀው ያው ግማሽ ወረቀት ነው።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባላል። ፖሊሽ ማሽን መጥፎ መሣሪያ አይደለም። በሚያውቅ እጅ፣ በቀላሉ ፓድ፣ በዓመታት አንዴ ሲሠራ የደበዘዘን ቀለም ነፍስ ይዘራበታል። እንግዲህ በየበዓሉ ወደ ፖሊሽ ከመሮጥዎ በፊት ጥፍርዎን በጭረቱ ላይ ያሳልፉ። ጥፍሩ ካልያዘና ጭረቱም ፀሐይ ላይ ካልሆነ በቀር የማይታይ ከሆነ፣ ሰም ቀብቶ መተው ርካሹም አዋጪውም መንገድ ነው።